ቱፎርዲ የመጣበት ክረምት

ባምባሲ ገበያ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ገብቼ ተጠለልኩ። የግብርና ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነበር፤ ማዳበሪያ በጆንያ፣ ምርጥ ዘር በላስቲክ፣ ከኋላ መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶች። ባለሱቁ አንዱን ጠርሙስ አንስቶ ለገዢ ሲያሳይ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ጥቂት ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሽታው በረንዳው ድረስ መጣ። ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ የሆስፒታል ወለል የሚያስታውስ፣ ግን ከዚያ የከበደ ሽታ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሰዉ ወደ ገበያው ሲመለስ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቁ «ምን ልስጥዎት እህቴ?» አለኝ። የአባቴ ጀርባ ሸተተኝ ልለው አልችልም።

ልጅ ነበርኩ፤ ከወሎ በሠፈራ ወደ አሶሳ ከመጣን ሁለተኛው ክረምት ነበር። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ብቻ ነበረው። ቤቶቹ ከቀርከሃና ከሣር ተሠርተው እንደ ተማሪ ሰልፍ የተደረደሩ ናቸው። ከየቤቱ ጀርባ ያለችው ቁራሽ ጓሮ የየራሳችን፣ ከመንደሩ ቁልቁል እስከ ወንዙ የሚወርደው የበቆሎ እርሻ ደግሞ የሁላችን ነበር። የሁላችን ከተባለ የእኔም ነው ብዬ ከመንገዱ ዳር አንዲት አገዳ መርጬ ስም አውጥቼላት ነበር። ሰው ሲያልፍ እንዳይነካት ቆሜ እጠብቃታለሁ።

መሬቱን ትራክተር ያርሰዋል። ማረሙ ግን የእኛ እጅ ነው። የአሶሳ ዝናብ የወሎን ዝናብ አይመስልም፤ ሰማዩ ተቀዶ የሚወርድ ነው። በነጋታው ፀሐይ ሲወጣ መሬቱ እንደ ድስት ይተናል፣ አረሙም በዓይን እየታየ ያድጋል። ሴቶቹ እርሻውን ከላይ ጀምረው እስከ ወንዙ አርመው ሲጨርሱ ላይኛው መልሶ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እናቴ ፋጡማ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጎንበስ ብላ ስትነቅል ቆይታ ቀና ስትል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ ውኃ ይዤላት ስሄድ ቶሎ ፈገግ ትልልኛለች፤ ያልደከማት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በፊት መጠለያ ጣቢያ ሳለን ታናሽ ወንድሜ ሞቶብናል። በቤታችን ስሙ አይነሳም። ሆኖም አባቴ ይመር ማታ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የእናቴን ፊት ነበር፤ ከዚያ ሆዷን፣ ከዚያ እኔን።

በዚያ ሰሞን ነው ሰዎች «ቱፎርዲ ይመጣል» ማለት የጀመሩት። ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ ይህንኑ ያወራሉ፤ ወንዶቹ አጥር ጥግ ቆመው ይህንኑ ይከራከራሉ። እናቴ እንኳ አንድ ቀን እግሯን እየታጠበች «ቱፎርዲ ከመጣማ ወገቤም ያርፋል» አለች። ቱፎርዲ ሰው መሰለኝ። ረጅም፣ ክንዱ እንደ ግንድ የወፈረ፣ እርሻውን ሁሉ ብቻውን አርሞ የሚጨርስ ሰው። ምን እናበላው ይሆን ብዬ ሁሉ ተጨነቅሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ከእኛ ራሽን ላይ ከበላ ለእኛ ምን ይቀራል?

መኪናው በመጣ ቀን ሮጠን ሄድን። የወረደው ግን የማውቀው ሰው ነበር፤ የግብርና ሠራተኛው ገመቹ። ከወለጋ የመጣ ወጣት ነው፤ ቡትስ ጫማው ከእግሩ ይሰፋና ሲራመድ ቧ ቧ ይላል። እናቴን «ሃዳ ሩቂያ» ይላታል፤ በኦሮምኛ የሩቂያ እናት ማለት ነው። ስሜን ከእናቴ ጋር አያይዞ ስለሚጠራው እወደው ነበር። ገመቹ ከመኪናው ጣሳዎችና ጀርባ ላይ የሚታዘሉ መርጫዎች አወረደና ማንጎው ስር ለተሰበሰበው ሕዝብ መናገር ጀመረ።

«ይሄ ቱፎርዲ የሚባል ፀረ አረም መድኃኒት ነው። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል፣ በቆሎውን ግን አይነካውም። መርዝ ስለሆነ ልጆች እንዳይነኩት! የሚረጭ ሰው ሲጨርስ ገላውን ይታጠብ።»

መድኃኒትም ነው፣ መርዝም ነው። ይህን ማስታረቅ አቃተኝ። በቆሎአችን ታሟል ማለት ነው ብዬ ያቺን አገዳዬን ሄጄ ነካካኋት፤ ትኩሳት አልነበራትም።

ገመቹ «ማን ይረጫል?» ሲል ጠየቀ። አባቴ እጁን አወጣ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ቤት ስንገባ «ምን ልሁን ብለህ ነው? መርዝ ነው እኮ እያለ ነው ሰውየው» አለችው።

«እኔ ብረጭ አንቺ አትጎነበሺም» አላት።



መርጨት ሲጀመር የእኛ የልጆች ሥራ ውኃ ማመላለስ ሆነ። መርጫው ውኃ አይጠግብም። ከወንዙ በጀሪካንና በቅል እየቀዳን በርሜል ውስጥ እንገለብጣለን፤ ገመቹ መድኃኒቱን እየለካ ይጨምርበታል፤ ውኃው እንደ ወተት ይነጣል። አባቴ መርጫውን አዝሎ በአንድ እጁ ዘንጉን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ በሌላው ቱቦውን ይዞ በመስመሮቹ መሀል ይሄዳል። ከሩቅ ሳየው ልጅ ያዘለች ሴት ይመስለኝ ነበር። መርጫው ግን አሮጌ ነበረና ያፈስሳል። ገመቹ የማዳበሪያ ላስቲክ ቀዶ ጀርባው ላይ ቢያስርለትም ፈሳሹ በጎን እየዞረ ይወርድበታል። አባቴ ወደ ቤት ሲመጣ ያ ሽታ ከእርሱ ቀድሞ ይገባል። እናቴ ደጅ ላይ አስቁማ፣ ልብሱን አስወልቃ፣ በአመድና በሳሙና ጀርባውን ታሸዋለች። ቆዳው ሽፍ ብሎ ቀልቶ ነበር። «ያቃጥልሃል?» ስትለው «አብሽሪ፣ ይበርዳል» ይላታል።

አረሙ ደርቆ የሚሞት መስሎኝ ነበር። አልደረቀም፤ መጀመሪያ ተጣመመ። በነጋታው ውኃ ይዤ ስወርድ መጩ፣ አሜከላው፣ ስሙን የማላውቀው ወይን ጠጅ አበባ ሁሉ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ መሬት አጎንብሷል። ግንዱ እንደ ገመድ ተገምዷል፤ ቅጠሉ ተጨምድዶ እንደ ተጨበጠ እጅ ሆኗል። የሚጮህ አፍ ቢኖረው የሚጮህ ይመስላል። በቆሎው ግን በመሀሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን የአባቴን ጀርባ አስታወስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አባቴን ቀድሜ ተነስቼ አንገቱን አያለሁ። አንድ ጠዋት አባቴ ከመደቡ ሲነሳ ጭንቅላቱ ወደ ትከሻው ዘንበል እንዳለ ቀረ። የመርጫው ማንገቻ ትከሻውን አሞት አንገቱ ተይዞ ኖሯል። ጩኸቴን ለቀቅሁት። «አባየ ተጣመመ! አባየ ተጣመመ!»

ምን እንደሆንኩ ሲገባው እስኪያስለው ሳቀ። እንባዬን ሲያይ ግን ሳቁን አቁሞ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝና እያመመው አንገቱን ግራና ቀኝ አዞረልኝ። «ይኸው ዞረ፣ አየሽ? እኔ አረም አይደለሁም ሩቂያ።»

እናቴ አልሳቀችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

እትየ ሐዋን ገና አላወራሁላችሁም። ከወንዙ ማዶ፣ ከበቆሎው እርሻ ትይዩ የምትኖር፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነች የበርታ ሴት ናት። መጀመሪያ ስንመጣ ራሽኑ ዘግይቶ ሰው በረሃብ ሲንገላታ፣ ማሽላና የደረቀ ባሚያ በቅል ይዛ ወንዙን ተሻግራ የመጣችው እርሷ ነበረች። እናቴን እንዴት እንደመረጠቻት አናውቅም፤ ብቻ ደጃችን መጥታ «ሰላም አለይኩም» አለች፣ ቅሉን አስቀመጠች፣ ሄደች። ሌላ ቀን መጥታ አሠራሩን አሳየችን። የባሚያው ወጥ ሲዝለገለግ አይቼ አልበላም ብዬ አለቀስኩ። እትየ ሐዋ ጎንበስ ብላ «ብላ፣ ብላ፣ ሆድ ውስጥ ይንሸራተታል፣ አያምም» አለችኝ። በአማርኛዋ ወንድም ሴትም አንድ ነው፤ እኔን «ብላ» ስትለኝ ወንድ የሆንኩ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ባሚያዋ፣ ጥጧና ዱባዋ ያለው እርሻዋ ከወንዙ ማዶ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። በበጋ እያደረቀች ዓመቱን ሙሉ ልጆቿን የምታበላው በዚያ ባሚያ ነው።

ከላይ፣ ከመንግሥት፣ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። የመንደሩን ሥራ የሚያዝዘው የመንግሥት ካድሬ በየቀኑ እየመጣ እርሻው እንግዶቹ ሳይደርሱ ተረጭቶ እንዲያልቅ ያጣድፋል። የወንዙ ዳር መስመሮች ሲረጩ ነፋስ ነበር። ውኃ ተሸክሜ ቆሜ ነበርና አስታውሳለሁ፤ ከመርጫው አፍ የሚወጣው ጉም መሬት ሳይነካ ወደ ማዶ ይነዳል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀስተ ደመና ይሠራል። በጣም ያምር ነበር። ገመቹ ሰማዩን አየ፣ ካድሬውን አየ፣ መድኃኒቱን መለካቱን ቀጠለ። አባቴም ረጨ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ እትየ ሐዋ ደጃችን መጣች። ከነሥሩ የተነቀለ ባሚያ በሁለት እጇ ይዛለች። አንገቱ ተጠምዝዟል፣ ቅጠሉ ጭብጥ ሆኗል። አባቴ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርብ ነበር።

«ፋጡማ፣ ይሄ ምን ሆነ? ሁሉም እንዲህ ነው። ጥጡም፣ ዱባውም። በሽታ መጣ» አለች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞር ብላ በተስፋ አየችው። «እናንተ ዘንድ መድኃኒት አለ አለኝ ሰው። ለበቆሎ መድኃኒት አለ። ለባሚያ ትንሽ ስጠኝ፣ ይመር።»

አባቴ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ።  «ነገ እመጣለሁ እት ሐዋ፣ መጥቼ አያለሁ» አላት። እርሷም አመስግናው ሄደች።

ጎረቤቶች ወሬውን ሰምተው መጡ። «በሽታ ነው በላት» አሉት። «ቢያውቁ ጠብ ይሆናል፤ እነሱ የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ እኛ ትናንት የመጣን ነን።» ካድሬውም የሰማ ጊዜ እርሻዋን ከመንግሥት እርሻ አጠገብ ማን አድርጊ አላት ብሎ ተቆጣ። አባቴ ሁሉንም አዳምጦ ሲያበቃ ወደ እናቴ አየ።

እናቴ «ሳይርባት አይደለም ያበላችን። ከራሷ ልጆች ቀንሳ ነው» አለች። «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

በነጋታው ሦስታችን ወንዙን በድንጋዮቹ ላይ ተሻገርን። እናቴ በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው የአባቴን ትከሻ ይዛለች። የእትየ ሐዋ ባል አልሐሰንና ሁለት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው ነበር። ሰላምታው እንዳለቀ አባቴ ቆሞ ተናገረ።

«በሽታ አይደለም። እኛ የረጨነው መርዝ ነው። ነፋሱ አመጣባችሁ። የረጨሁት እኔ ነኝ።»

እትየ ሐዋ መጀመሪያ አልገባትም መሰለኝ፤ ባሏ በቋንቋቸው ነገራት። እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። አልሐሰን ከመቀመጫው ተነሳ። 

«እናንተ መጣ። ጫካ ቆረጠ፣ እኛ ዝም አለ። ትራክተር መጣ፣ ዝም አለ። አሁን ነፋስም የእናንተ ሆነ?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ ቆማ መቆየት አቅቷት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ እትየ ሐዋ እጇን ከራሷ አውርዳ ወደ እናቴ ሄደች፤ የቀርከሃ አልጋ አምጥታ አስቀመጠቻት፣ ውኃ ሰጠቻት። ዓይኗ እንባ እንደሞላ ነው ውኃውን የሰጠቻት። ይህን ሳይ ይቅር ያለችን መሰለኝና ፈገግ አልኩላት። እርሷ ግን ፈገግ አላለችም።

ከኋላችን የቡትስ ድምፅ ተሰማ፤ ገመቹ ነበር። አባቴ እንደሚሄድ ሰምቶ ተከትሎን መጥቷል። «ጥፋቱ የኔም ነው፣ ማስቆም ነበረብኝ» አለ። እትየ ሐዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መሬት ሞተ?»

«አልሞተም» አላት ገመቹ። «ዝናብ እያጠበው ይድናል። ትንሽ ቆይታችሁ መልሳችሁ መዝራት ትችላላችሁ። ይሄን የተጨማደደውን ግን እንዳትበሉት።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። አባቴ በዕረፍት ቀኑ እየመጣ እርሻውን አብሯቸው ሊቆፍርና ሊዘራ ተስማማ። አልሐሰን ግን ሌላም ነገር ፈለገ። አባቴን ዓይን ዓይኑን እያየ «ነፋስ ሲመጣ ማሽን አቁም» አለው። አባቴም «ወላሂ አቆማለሁ» አለ።

ቃሉ የተፈተነው የእትየ ሐዋ እርሻ እንደገና ተዘርቶ ገና እንደበቀለ ነው። የእንግዶቹ መምጫ ደርሶ የወንዙ ዳር ሳይረጭ የቀረ ቁራጭ መሬት ነበር። ያን ጠዋት የበቆሎው ቅጠል ሲንሿሿ ይሰማል። አባቴ የሞላ መርጫ አዝሎ እርሻው ጫፍ ላይ ቆመ፣ ማዶውን አየ፤ እትየ ሐዋ አዲስ የበቀለ ባሚያዋን ስትኮተኩት ትታያለች። ማንገቻውን ከትከሻው አወለቀና መርጫውን እንደተኛ ሕፃን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ካድሬው ደረሰ። «ጓድ ይመር፣ ለአብዮት ነው የምትሠራው ለነፋስ?»

«ጓድ፣ ነፋሱ ሲተኛ እረጫለሁ። አሁን ግን ወንዙን ይሻገራል፤ ቃል አለብኝ።»

«ቃልህ ለማን ነው?»

አባቴ እንደገና ማዶውን አየ። ሕዝቡ ሁሉ እጁን አጣምሮ ያያል። ገመቹ ጆሮው ቀልቶ «በነፋስ አይረጭም፤ ደንቡም ይኸው ነው» አለ፤ ድምፁ ቀጭን ሆኖበት። እርሱን በኋላ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ወደ መንደራችን መምጣቱ ግን ቀነሰ። አባቴ ከመርጨት ተነሳና ወደ ምንጣሮ ተላከ፤ ከመንደሩ ርቆ ቀኑን ሙሉ ዛፍ መቁረጥ ነው። እናቴም ወደ አረሙ ተመለሰች። ቱፎርዲ የፈጀው ሰፋፊ ቅጠሉን ብቻ ስለነበር ባዶ ባገኘው መሬት ሰርዶና ሌላ ሣር ወርሶት ሴቶቹ እንደገና ይጎነበሱ ነበር።

እናቴ ወደ እርሻው የወረደች ዕለት ያየሁትን አልረሳም። መስመሯ ጋ ስትደርስ ታርሞ አልቋል። በግራና በቀኟ ያሉት ሴቶች ከየራሳቸው መስመር እየተሻገሩ የእርሷንም ነቅለውታል። አንድም ሴት ቀና ብላ አላየቻትም፤ እንዳላደረጉ ሆነው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። እናቴ የምትነቅለው አጥታ መሀል ላይ ቆማ ቀረች። በነጋታውም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ።

ምጡ የመጣባት እዚያው፣ ከወንዙ ዳር ነው። ሰማዩ በላይ በኩል ጠቁሮ ነበር። መንደሩ ዳገት ነው፣ ሩቅ ነው። ሴቶቹ ነጠላ ዘርግተው ምን እናድርግ ሲባባሉ ከማዶ ጩኸት ተሰማ፤ እትየ ሐዋ እጇን እያወናጨፈች «ወደዚህ! ወደዚህ አምጣ!» ትላለች። ደግፈው፣ ተሸክመውም ማለት ይቻላል፣ በድንጋዮቹ ላይ አሻገሯት። እኔ ጫማዋን ይዤ ተከተልኩ። ሴቶቹ ገና ደጃፉ ላይ ሳሉ ዝናቡ ወረደ። እኔን ከእትየ ሐዋ ልጆች ጋር ከደጅ ጣራው ሥር አስቀመጡን፤ ልጆቿ የማላውቀውን ዘፈን እየዘፈኑ ጆሮዬን በእጃቸው ይይዙልኝ ነበር፤ ዘፈኑን ለምን እንደሚጮሁት አልገባኝም ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ የእትየ ሐዋ ራስ በበሩ ብቅ አለ። ፊቷ በላብ ታጥቧል። «ሩቂያ፣ እህት ወለደ» አለችኝ። ማን እንደወለደ እስኪገባኝ ትንሽ ፈጀብኝ። እናቴም ደህና ነበረች።

አባቴ ወሬውን ሰምቶ ከምንጣሮው በሩጫ ሲመጣ ወንዙ ሞልቷል። ድንጋዮቹ የሉም፤ ቀይ ውኃ ግንድ እየነዳ ይወርዳል። ማዶ ቆሞ መጥረቢያው እጁ ላይ እንዳለ አየሁት። አንድ እግሩን ሲያስገባ እኛም ከዚህ፣ መንደርተኞቹም ከዚያ ጮህን፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። እትየ ሐዋ ወደ ቤት ገባችና ሕፃኗን በራሷ ልብስ ጠቅልላ ይዛት ወጣች። እኔ ቀሚሷን ይዤ ወንዙ ዳር ድረስ አብሬያት ወረድኩ፤ አልሐሰንም ተከተለን። ከዚያ ሕፃኗን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ለአባቴ አሳየችው።

አባቴ መጥረቢያውን ጣለ። አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ውኃው ግን እየጮኸ ድምፁን ይበላዋል። ደጋግሞ ተጣራ፣ ምንም አልሰማንም። ጥቂት ቆሞ ሲያየን ቆየና እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። ዱዓ እያደረገ ነበር። አልሐሰን እጁን ዘረጋ፤ ከኋላችን የወረዱት ሴቶችና ልጆችም ዘረጉ፤ እኔም የእትየ ሐዋን ቀሚስ ለቅቄ ዘረጋሁ። ምን እየለመነ እንደሆነ ማናችንም አልሰማንም። እጁን ወደ ፊቱ ባመጣ ቁጥር ግን ሁላችንም በአንድ ድምፅ «አሚን» እንል ነበር።